ለፍሬሙ ማን ያስብለት? ስለ ራኬት አወጣጠር ለወጣው ጽሁፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ እየዞረች ያለች ጽሁፍ አለች፣ የቴኒስ ራኬት ቤት ውስጥ በማሽን እንዴት ክር እንደሚወጠር የምታስተምር። ብዙ ሰው ሼር አድርጓታል፣ ለኔም "እስቲ እያት" እየተባለ ደጋግማ መጣችልኝ። ፀሐፊው ስሙን አልጻፈም፣ ግን ቅን ሰው ይመስላል፣ ለወጣሪ በየጊዜው ከምትከፍሉ ማሽን ገዝታችሁ ራሳችሁ ስሩት ነው ሀሳቡ፣ እዚህ ላይ አንጣላም። የምንጣላው ከዛ በኋላ በጻፈው ላይ ነው።

ላላነበባችሁ ጽሁፏ ባጭሩ እንዲህ ነው የምትለው። ፍሬሙን ማሽኑ ላይ በሙሉ ሀይልህ እሰረው፣ አሮጌውን ክር ከዳር እየቆረጥክ አውጣው፣ የክሩ አገባብ ሁሉም ራኬት ላይ አንድ ነው፣ ቁሙን ክር አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ሂድ፣ ከደከመህ አግድሙን ነገ ትጨርሳለህ፣ ምንጊዜም በአንድ ክር ስራ፣ ክሩ እንዳይንሸራተት ቀዳዳው ውስጥ ወስፌ ሰክተህ ያዘው፣ ማሽን ከሆነ ኤሌክትሪኩን ግዛ ሌላው መጫወቻ ነው፣ ጠበቅ ያለ ክር ሀይል ይሰጣል፣ ልኩን እንደ ክራር መትተህ በጆሮህ ታውቀዋለህ፣ ካልተበጠሰ ደግሞ አትንካው። እኔ ራኬት ወጣሪ ነኝ፣ ይሄንን አንብቦ ራኬቱን የሚሰነጥቅ ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ነው መልስ ልጻፍ ያልኩት።

ወደ ነጥቦቹ ከመሄዴ በፊት አንድ ሂሳብ እንስራ፣ ምክንያቱም ከላይ ያሉት ስህተቶች ግማሹ ይሄንን ሂሳብ ካለመስራት የመጡ ናቸው። አሁን በጣም የተለመደው ራኬት 16 በ19 ነው፣ 16 ቁም ክር አለው፣ ሜይን የምንለው፣ 19 አግድም አለው፣ ክሮስ የምንለው። እያንዳንዱን በ23 ኪሎ ሳብነው እንበል፣ ያው 50 ፓውንድ አካባቢ ነው። 16 ጊዜ 23 ስንት ነው? 368 ኪሎ። ይሄ ሁሉ ጉልበት የራኬቱን አናትና ከእጀታው በላይ ያለውን የታችኛውን ቅስት አንድ ላይ ሊያገናኝ ነው የሚጎትተው፣ ስለዚህ ጭንቅላቱ ቁመቱ አጥሮ ወደ ጎን ሊሰፋ ይፈልጋል። ከዛ 19ኙ ክሮስ ሲገቡ 437 ኪሎ ሆነው በጎን የሰፋውን መልሰው ይሰበስቡታል። ሁለቱ ተመጣጥነው ነው ራኬቱ ቅርጹን የሚይዘው። ሜይኑ አልቆ ክሮሱ ገና ባልገባበት ሰዓት ግን ፍሬሙን የሚያድነው ማሽኑ ብቻ ነው። ፍሬም ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ የካርቦን ቱቦ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም፣ ክር ሳይገባበት ሙሉ ራኬቱ 300 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። 300 ግራም ላይ 368 ኪሎ! ይሄንን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ቀጥሉ።

አንደኛ፣ ራኬቱን ማሽኑ ላይ ስለመግጠም። ፀሐፊው ንቅንቅ እንዳይል ብሎኑን በሙሉ ሀይልህ አጥብቀው ይላል። ኧረ በናትህ ወንድሜ! ስድስት ቦታ የሚይዝ ማሽን ከሆነ ሁለቱ መያዣዎች ከውስጥ ናቸው፣ አናቱ ላይና ታች፣ አራቱ ደግሞ ከውጪ ጎንና ጎኑን የሚያቅፉት ናቸው። ስራቸው አንድ አይደለም። የውስጦቹ ያ 368 ኪሎ አናትና ታችን ወደ መሀል ሲጎትት ከውስጥ ሆነው የሚመክቱት ናቸው፣ ትልቁን ሸክም የሚችሉት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ምንም ክፍተት ሳይኖር ፍሬሙን በደንብ ነክተው መቀመጥ አለባቸው። የውጪዎቹ ግን መጀመሪያ ላይ ፍሬሙን ነክተው መቆም ብቻ ነው ያለባቸው፣ በቃ መንካት። ምክንያቱም ሜይኑን መሳብ ስትጀምር ፍሬሙ ራሱ እየሰፋ መጥቶ ይደገፍባቸዋል፣ ያኔ ይጠብቃሉ። ገና ከመጀመሪያው በጉልበት ካጠበቅካቸው ባዶውን ፍሬም አራት ቦታ ጨምቀህ ነው ስራ የጀመርከው፣ እዛ ላይ የክሩ ጉልበት ሲጨመርበት ልክ መያዣው በነካው ቦታ ላይ መጀመሪያ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ካርቦኑ። ደግሞ እኮ የቀለም ስንጥቅ ነው ብሎ ዝም የሚል ሰው አለ፣ ከስሩ ያለውን ሳያይ።

መሀል ላይ ደግሞ ብሎን አትነካካ። ጠበቀብኝ ብለህ ታላላለህ፣ ላላብኝ ብለህ ታጠብቃለህ፣ እንደዛ ስታደርግ ግማሹ ክር በአንድ ቅርጽ ግማሹ በሌላ ቅርጽ ነው የተወጠረው። ስትጀምር በትክክል ግጠምና ተወው። ልክ መሆንህን ማወቅ ከፈለግክ ከመግጠምህ በፊት የጭንቅላቱን ቁመትና ስፋት በሜትር ለክተህ ጻፈው፣ ጨርሰህ ስታወርደው ድገመው፣ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት። ስትጨርስም መያዣዎቹን ስታላላቸው ራኬቱ ያለ ትግል መውጣት አለበት፣ እየታገልክ የምታወጣው ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

እዛው ነጥብ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ የሚይዝ ማሽን ፍሬም ይሰብራል ብሎ ጽፏል። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በየክለቡና በየቴኒስ ሱቁ ለብዙ ዓመት ሲሰራበት የኖረው የፕሪንሱ ኒኦስ ማሽን ሁለት ቦታ ነው የሚይዘው። ከላይ እንዳልኩት ትልቁ ሸክም ያለው አናትና ታች ነው፣ እሱን በደንብ ከያዘ ስራውን ይሰራል። ስድስት ቦታ የሚይዘው ይመቻል፣ እሱንስ አልክድም፣ ግን ስድስቱን በስህተት ከሚያጠብቅ ሰው ሁለቱን በትክክል ለሚይዝ ሰው ራኬቴን ብሰጥ ይሻለኛል።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ክር ስለመቁረጥ። ማሽኑ ላይ ከሰቀልክ በኋላ ከዳር እየቆረጥክ ና ይላል፣ ጊዜ ለመቆጠብ። እንዴ? መጀመሪያ ክሩ የሚቆረጠው ማሽን ላይ ሳይወጣ ነው፣ ክር ያለበትን ራኬት ገጥመህ ከዛ ብትቆርጠው የገጠምከው ቅርጽ ሌላ፣ የቀረው ቅርጽ ሌላ ነው የሚሆነው። ሲቆረጥ ደግሞ ከመሀል ተጀምሮ ነው፣ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም፣ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም እያልክ ወደ ዳር ትወጣለህ። ሜይኑን በሙሉ መጀመሪያ ብትቆርጠው ያ 437 ኪሎ ክሮስ ብቻውን ይቀርና ፍሬሙን በጎን ይጨምቀዋል። በዚህ አጋጣሚ ሜዳ ላይ እየተጫወታችሁ ክር ቢበጠስባችሁ ቤት እስክትገቡ አትጠብቁ፣ እዛው መቀስ ፈልጋችሁ የቀረውንም ከመሀል ጀምራችሁ ቁረጡት። መኪና ውስጥ ፀሀይ ላይ ግማሽ ክር ያለው ራኬት ጥሎ የሚሄድ ሰው ሳይ ያመኛል።

እና ከመቁረጥህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ! ይሄ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይወስደናል፣ ፀሐፊው የክሩ አገባብ ሁሉም ራኬት ላይ አንድ ነው ስላለ። አንድ አይደለም። 16 ሜይን ያለው ራኬት በእያንዳንዱ ጎን 8 ሜይን አለው፣ ቀዳዳው ግን ከ8 በላይ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ቀዳዳ ለክሮስ የተተወ ነው። አንዱ ራኬት ላይ ከመሀል ስትቆጥር 7ኛውንና 9ኛውን ትዘላለህ፣ ሌላው ላይ 8ኛውን ብቻ ነው የምትዘለው፣ ሌላው ላይ ከላይና ከታች ያለው ራሱ ይለያያል። የሚቋጠርበት ቀዳዳም እንደዛው ነው። አምራቾቹ ለየሞዴሉ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፣ እሱን አይተህ ነው የምትሰራው፣ ከሌለህ ፎቶህ ይኑር። ፎቶም ሰንጠረዥም ሳይኖረው በግምት ጀምሮ መጨረሻው ላይ ክሮስ የሚገባበት ቀዳዳ ያጣ ሰው ክሩን በሙሉ አውጥቶ ነው እንደገና የሚጀምረው።

አራተኛ፣ አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ሂድ የሚለው። ይሄ ከሁሉ የባሰው ነው። በግራ በኩል ስምንቱንም ወጥረህ ስትጨርስ በግራ 184 ኪሎ አለ፣ በቀኝ ዜሮ። ፍሬሙ ምን እንዲሆን ነው የምንጠብቀው? ይጣመማል። ትክክለኛው፣ መሀል ያሉትን ሁለቱን ትስባለህ፣ ከዛ አንድ ወይ ሁለት በግራ፣ አንድ ወይ ሁለት በቀኝ፣ እያፈራረቅክ ወደ ውጪ ትሄዳለህ። አንዱ ጎን ከሌላው ከሦስት በላይ እንዲቀድም አትፍቀድ፣ እኔ በሁለት ነው የማቆመው። አዎ ክላምፑን፣ የተወጠረውን ክር ይዞ የሚያቆየውን መቆንጠጫ፣ ማመላለስ ያሰለቻል፣ ማሽኑንም እያዞሩ መስራት ነው፣ ስራው እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄደው ከደከመህ አግድሙን ነገ ትጨርሳለህ ያለው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ሂሳቡን ከላይ ሰርተነዋል። 368 ኪሎ የተሸከመ ፍሬም ሌሊቱን ሙሉ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲያድር ማድረግ ነው። ጊዜ ከሌለህ አትጀምር። የግድ ማቋረጥ ካለብህ ሜይኑን ሳትጀምር አቋርጥ፣ ከጀመርክ ግን እስከ መጨረሻው ክሮስ ድረስ ሂድ። እንግዳ ቢመጣም ቡና ቢፈላም ሂድ።

አምስተኛው ነጥብ አንድ ክር ወይስ ሁለት ክር የሚለው ነው፣ እሱ ምንጊዜም በአንድ ክር ስራ፣ ሁለት ክር ቋጠሮ ስለሚበዛው ደካማ ነው ብሏል። ቋጠሮው ከሁለት ወደ አራት እንደሚሆን እውነት ነው፣ ደካማ ነው የሚለው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፌደረር ራሱ ሜይኑን ከእንስሳ አንጀት የተሰራ ናቹራል ገት፣ ክሮሱን የሉክሲሎን ኩባንያ ፖሊ፣ ማለት ፖሊስተር ክር፣ አድርጎ ነው የተጫወተው፣ ሁለት ዓይነት ክር ያው ሁለት ክር ነው። ዋናው ጥያቄ ሜይኑ የት ያልቃል ነው። አብዛኛው አምራች ክሮሱ ከአናት ወደ ታች እንዲወርድ ነው የሚመክረው። በእያንዳንዱ ጎን 8 ሜይን ያለው ራኬት መሀል ያሉት ሜይኖች ከታች ከጀመሩ 8ኛውም የሚያልቀው ታች ነው፣ ቁጠሩት፣ አንደኛው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይወርዳል፣ እያለ 8ኛው ይወርዳል። ስለዚህ በዛው ክር ልቀጥል ካልክ ክሮሱን ከታች ወደ ላይ ልትሰራ ነው፣ ያ ደግሞ ጉልበቱን እየገፋ አናቱ ላይ ያከማቸዋል። እንዲህ ያለው ራኬት ላይ ሁለት ክር ነው የሚሻለው። ከአናት የሚጀምር ከሆነ አናት ላይ ያልቃል፣ ያኔ በአንድ ክር መስራት ትችላለህ። አንድ ፓኬት ክር 12 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለሁለት ብትከፍለው 6 ሜትር 6 ሜትር ይደርስሃል፣ አያጥርም።

ወስፌውን እንምጣ። ክሩ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይንሸራተት ወስፌ ሰክተህ ያዝ የሚለው የድሮ ዘዴ ነው፣ ድሮ በእንጨት ራኬት ዘመን ክላምፕ ሳይኖር ሰው እንዲህ ይሰራ ነበር። አሁን ክላምፕ አለልህ፣ ለምን ብረት ክሩ ላይ ትሰካለህ? ጫፉ ክሩን ይጭረዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ግሮሜትም ይቀድደዋል፣ ከዛ ያ ክር በሁለተኛው ጨዋታ ልክ ቀዳዳው አፍ ላይ ይበጠስና ክሩ ፎርጅድ ነው ትላለህ። ወስፌ የሚያገለግለው ሁለት ክር በሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ላይ መንገድ ለመክፈት ነው፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ተጠቀም፣ ክሩን ሳይሆን ጎኑን ገፋ እያደረግክ።

ክላምፑንም እስከቻልክ አጥብቀው ብሏል፣ ያው እሱ ሁሉንም ነገር አጥብቅ ነው የሚለው። ክላምፕ የሚስተካከለው በክሩ ውፍረት ነው፣ 1.20 ሚሊሜትር ክር ላይ ያስተካከልከው 1.30 ላይ ጨፍልቆ ይይዛል። ናቹራል ገት ከሆነ ጭራሽ ይሰነጣጥቀዋል። ክሩ ክላምፑ ውስጥ የሚንሸራተትብህ ከሆነ ከማጥበቅህ በፊት ጥርሱን በአልኮል ጥረገው፣ ከክሩ የሚለቅ ሰም የመሰለ ነገር ይይዘዋል፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ብቻ ነው።

ክሮሱን ስለማስገባት በሁለት መስመር ነው ያለፈው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች እያልክ ፈጠን ብለህ ጎትተው ብሎ። ይሄ ግን የስራው ግማሽ ነውኮ! ክሩን በፍጥነት አንድ ቦታ ላይ እየፈተግክ ከጎተትከው ሜይኑን ይበላዋል፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል፣ ለስላሳ ክር ላይ በዓይንህ የምታየው ጉድጓድ ይሰራል። ስትጎትት ክሩን ቅስት አስመስለህ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስክ ነው፣ ግጭቱ አንድ ነጥብ ላይ እንዳይሆን። ከመወጠርህ በፊት ክሮሱን በጣትህ ቀጥ አድርገው፣ ተጣሞ ከተወጠረ በኋላ ማስተካከል ቴንሽን፣ ማለት ክሩ የተወጠረበትን ጉልበት፣ ያባክናል። በተቻለህ መጠን ደግሞ አንድ ክሮስ ቀድመህ አስገባ፣ ማለት የሚቀጥለውን ከማስገባትህ በፊት ያለፈውን አትወጥረው፣ ያልተወጠረው ክር ሜይኖቹን አጥብቆ ስለማይዝብህ ማስገባቱ ይቀልሃል።

ከሁሉ በላይ ስትጨርስ ረድፉን በዓይንህ ቃኘው። አንድ ቦታ ሁለቴ ከላይ ካለፍክ ስህተት ነው፣ ስህተትነቱም ለውበት ብቻ አይደለም፣ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ህግ ክሮቹ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ እየተፈራረቁ መጠላለፍ አለባቸው ወይ መጣበቅ አለባቸው ይላል። ህጉ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ስፓጌቲ የሚባል ራኬት መጥቶ ነበር፣ ሜይኖቹ ከክሮሱ ጋር ሳይጠላለፉ በፊትና በኋላ በኩል ሁለት ንብርብር ሆነው ተወጥረው፣ ክሩ ኳሱ ላይ እየተንሸራተተ ሲመለስ ለኳሱ የሚሰጠው ስፒን፣ ማለት ሽክርክሪት፣ የማይታመን ነበር። ሮማንያዊው ኢሊ ናስታሴ በሱ ራኬት ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ላይ ከአርጀንቲናዊው ጊዬርሞ ቪላስ ጋር ሲጫወት ቪላስ በሸክላ ሜዳ 53 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣ ሰው ነበር፣ ሁለት ዙር (ሴት የሚሉትን) ተሸንፎ ተናዶ ጥሎ ወጣ። ወዲያው ራኬቱ ታገደ፣ በ1978 ህጉ ተጻፈ። እና ወንድማችን በሁለት መስመር ያለፈው ነገር ዓለምን ሁሉ ያነጋገረ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ድሮፕ ዌይት የሚሉትን፣ ዘንግ ላይ ክብደት ያለበትን፣ መጫወቻ ነው ብሎታል፣ እዚህ ላይ በጣም ነው የማልስማማው። ያ ክብደት ክሩን ሲስብ የሚሰራው የመሬት ስበት ነው፣ የመሬት ስበት ደግሞ ልኩ አይዛባም፣ ባትሪ አይፈልግም። ዘንጉ አግድም ሲቆም የተፈለገው ቴንሽን ላይ ነህ ማለት ነው፣ ክሩ ሲለጠጥ ክብደቱ ዝቅ እያለ መሳቡን ይቀጥላል፣ ማለትም እንደ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ የሚስብ ማሽን ነው። ዘንጉ ልክ አግድም ካልሆነስ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አለ፣ በ5 ዲግሪ ብትሳሳት የምታጣው ግማሽ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ በ10 ዲግሪ 1.5 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ከ23 ኪሎ ላይ 350 ግራም መሆኑ ነው። ማን ይለየዋል?

እንደውም መጠንቀቅ ያለብን በእጅ የሚዞረው ክራንክ ማሽን ላይ ነው። እሱ ልክ ቴንሽኑ ላይ ሲደርስ ይቆልፋል፣ ከቆለፈ በኋላ ክሩ ሲለጠጥ ማሽኑ ተከትሎ አይስብም፣ ስለዚህ እስክትክላምፕ ድረስ ትንሽ ይላላል። ለዛ ነው በክራንክ 55 ፓውንድ የተወጠረና በድሮፕ ዌይት 50 የተወጠረ ራኬት እጅህ ላይ የሚቀራረቡት። ክራንኩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ፈጣን ነው፣ ግን ማሽን ስትቀይር ቁጥርህንም ቀይር።

ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፣ ዋጋውን ከቻልከው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ 11ኛው ሜይን ላይ መብራት ቢጠፋስ? ከላይ ያልነውን አስታውሱ፣ ሜይን ላይ አይታደርም። ወይ ዩፒኤስ ትገዛለህ ወይ ድሮፕ ዌይት ትገዛለህ፣ እኔ ለጀማሪ ሁለተኛውን ነው የምመክረው፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ቴንሽን ላይ ጠበቅ ያለ ክር ሀይል ይሰጣል ብሎ ምስክር አድርጎ ቦርግን ጠርቷል፣ ስዊድናዊው የቴኒስ ኮከብ ቢዮን ቦርግ 80 ፓውንድ አካባቢ ይወጥር ነበር ብሎ። ቦርግ በጣም ጥብቅ ክር ይጠቀም እንደነበር እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የቴኒስ ኳስ በህጉ ከ254 ሳንቲሜትር ሲጣል ከ135 እስከ 147 ሳንቲሜትር ነው የሚነጥረው፣ ማለት ኳሱ ሲጨፈለቅ ግማሽ የሚጠጋውን ጉልበት ይበላል። ክር ግን የተቀበለውን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ ክሩ ላላ ሲል እሱ ይለጠጣል ኳሱ ብዙ አይጨፈለቅም፣ ኳሱ ርቆ ይሄዳል። ክሩ ሲጠብቅ ኳሱ ይጨፈለቃል፣ ጉልበቱ ይጠፋል፣ በምትኩ ወዴት እንደምትልከው ትቆጣጠራለህ። ቦርግ ያን ያህል ያጠበቀው ኳሱ ሜዳ ውስጥ እንዲቀርለት ነው፣ ሀይሉን ከራሱ ነው የሚያመጣው፣ የሱ ራኬት ደግሞ የእንጨት ሆኖ ጭንቅላቱ በጣም ትንሽ ነው። የዛሬውን 100 ስኩዌር ኢንች ራኬት 80 ፓውንድ ወጥረህ ፍሬሙ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ አብዛኛው ላይ ከ50 እስከ 60 ምናምን ነው የሚለው። በሌላው ጫፍ ፈረንሳዊው አድሪያን ማናሪኖ ከ30 ፓውንድ በታች ወጥሮ ከዓለም ምርጦች ጋር ይጫወታል፣ ኳሱም ይሄድለታል።

ክሩ ምን እንደሆነም ይወስናል። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን እ.ኤ.አ. በ1997 ሮላንድ ጋሮስን፣ የፈረንሳይ ኦፕንን፣ በሉክሲሎን ፖሊ ካሸነፈ ወዲህ ሁሉም ሰው ፖሊ በፖሊ ሆኗል፣ ፖሊ ግን ደረቅ ክር ነው፣ በናይለን 55 የለመድክ ሰው ፖሊ ላይ 10 ፐርሰንት ቀንስ፣ ክንድህ ያመሰግንሃል። ጽሁፉ ይሄንን ጭራሽ አላነሳም፣ ቴኒስ ኤልቦ ከሚባለው የክንድ መታጠፊያ ህመም ጋር የሚታገለው ሰው ብዛት እያለ።

አዲስ አበባ ለምትጫወቱ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። ፌዴሬሽኑ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ የከፍታ ኳስ ፈቅዷል፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ አይያዝም፣ ይበራል፣ ተራው ባለ ግፊት ኳስ ደግሞ ከልክ በላይ ይነጥራል። ሜሪላንድ ያለ ዘመድ እዛ የለመደውን 50 ወጥሮ የላከልህ ራኬት እዚህ ኳሱን አጥር ካስዘለለብህ ችግሩ ያንተ አመታት ብቻ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ፓውንድ ጨምረህ ሞክረው፣ ፍሬሙ ላይ ከተጻፈው ሳታልፍ።

የክራሩን ነገር ወድጄዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ክር አምራቹ ባቦላትም እ.ኤ.አ. በ1875 ሊዮን ላይ የራኬት ክር ከመጀመሩ በፊት ከአንጀት የሙዚቃ መሳሪያ ክር ነበር የሚሰራው፣ ዝምድናው አለ። ግን ድምፁ የሚወሰነው በቴንሽን ብቻ አይደለም፣ በክሩ ውፍረትና ክብደት፣ በጭንቅላቱ ስፋትም ነው። እኩል 50 የተወጠሩ ሁለት ራኬቶች፣ አንዱ 1.20 አንዱ 1.30 ክር ያለው፣ ሌላ ሌላ ድምፅ ነው ያላቸው። ደግሞ ድምፁ ከቴንሽኑ እኩል አይወርድም፣ ቴንሽኑ 10 ፐርሰንት ሲወርድ ድምፁ በ5 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ነው የሚወርደው፣ በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ቁልፍ ያለውን ርቀት እንኳን አይሞላም። ዛሬ ሰምተህ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያስታውስ ጆሮ ያለው ሰው ካለ ራኬቱን ትቶ ክራሩን ይያዝ። ስልክ ላይ ግን ድምፁን የሚለኩ አፖች አሉ፣ እነሱ ይጠቅማሉ፣ ልክ ከማሽን እንዳወረድከው ለካ፣ ጻፈው፣ ከዛ የራስህን ራኬት ከራሱ ጋር ብቻ አወዳድር።

ስለ ቋጠሮው አንድ ቃል ብቻ፣ ከቋጠርክ በኋላ በማሽኑ ሳበው ያለውን አትስሙት፣ ቋጠሮ በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ቢበዛ በፒንሳ ቀስ ተብሎ። በማሽን ከሳብከው ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ቋጠሮው ግሮሜቱን ሰብሮ ይገባል።

ካልተበጠሰ አትንካው የሚለው ቀረ። ክር ከማሽን በወረደ በመጀመሪያው ቀን ራሱ መላላት ይጀምራል፣ ሳትጫወትበትም። ፖሊ ደግሞ ለወራት ሳይበጠስ ቆይቶ መመለሱን ያቆማል፣ ኳሱን ለመግፋት አንተ ትጨምራለህ፣ ትከሻህ ይከፍላል። የቆየው ልማድ በሳምንት ስንት ጊዜ ትጫወታለህ፣ በዓመት ያን ያህል ጊዜ ቀይር ነው፣ ሦስት ቀን ከሆነ ሦስቴ። ፖሊ ከሆነ ከዛም ቶሎ።

ፀሐፊው መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ስለ ባድሚንተን ራኬት እጽፋለሁ ብሏል። የባድሚንተን ፍሬም ሙሉ ክብደቱ 85 ግራም አካባቢ ነው፣ ዘንጉም ጠርዙም ቀጭን ነው፣ ቴኒስ ላይ ተሰንጥቆ የሚተርፈው እዛ ላይ እጅህ ላይ ነው የሚሰበረው። እባክህ ወንድሜ ያንን ከመልቀቅህ በፊት ቢያንስ የመግጠሙን ክፍል አስተካክለው፣ የዚህችኛዋንም አርመህ መልሰህ ላካት፣ ሼር ያደረጓት ሰዎች ብዙ ናቸው።